ኪሮሽ ከጠረጴዛ ላይ ሲነሣ

የምንኖረው እዚህ ካምፓላ ሙቱንጎ ነው። የዝግጅት ክፍሉ አንድ ትምህርታዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ሒሳብ ትምህርት ለመጻፍ አስቤ ነበር። ሒሳቡ አልቀረም፤ ነገር ግን በኪሮሽ በኩል ዞሮ መጣ። ወንድ ሆኜ ስለ ኪሮሽ መጻፌን አይታችሁ ፈገግ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ሙቱንጎ ከከተማው መሐል በስተምሥራቅ፣ በናካዋ ክፍል የሚገኝ ኮረብታ ነው። ከላይ ሲቆሙ የቪክቶሪያ ሐይቅ ይታያል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ የኪራይ ቤት በረንዳ ላይ የወገኖቻችንን ልጆች አማርኛና ሒሳብ አስተምራለሁ። ልጆቹ ሲማሩ እናቶች ከጎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ባዶ እጇን የምትቀመጥ ግን የለችም። አንዷ ምስር ትለቅማለች፣ አንዷ የልጇን ፀጉር ትሠራለች፣ የቀሩት ክርና ኪሮሻቸውን ከቦርሳ ያወጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ከእናቶቹ አንዷ የሠሩትን ክብ የጠረጴዛ ልብስ ሲፈቱ አየሁ። ክሩን እየሳቡ በኳስ ይጠመጥማሉ። ምን ሆነው እንደሆነ ብጠይቃቸው «መምህር፣ ይሄ እኮ ተበላሽቶብኝ ነው። መብራት ጠፍቶ በዳበሳ ስሠራው መጨመሪያውን አበዛሁት መሰለኝ፣ ጠረጴዛ ላይ አልተኛ አለ። ነጋዴውም ተጨማዷል ብሎ መለሰልኝ» አሉኝ። ጨርቁን ተቀብዬ ከፍ አድርጌ ያዝሁት። መሐሉ ዝርግ ነው፤ ጠርዙ ግን እንደ ጎመን ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ወጣ ገባ እያለ፣ በእጄ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ እባክዎን አይፍቱት። ለአንድ ሳምንት ያቆዩልኝ» አልኋቸው። እንዲህ ያለ የተጨማደደ ነገር በአንድ መጽሔት ላይ አይቼ ስለነበር ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሳምንት ወዲህ ካነበብሁትና ከእኚህ እናት ከተማርሁት የተውጣጣ ነው።

አንዱ ሕያው ቀለበት

ኪሮሽ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ መንጠቆ» ማለት ነው። ዳንቴል የምንለውም ከዚያው ቋንቋ ነው፤ ሥሩ «ጥርስ» የሚል ነው፣ የጠርዙን ጥርስ ጥርስ ማለት አይቶ የወጣ ስም። በአገራችን ከተማ ያደገ ሰው ዳንቴልን ሳያውቅ አይቀርም። የሶፋው መደገፊያ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ የብርጭቆው ማስቀመጫ ሁሉ ይለብሰው ነበር። በእኛ ቤት ሬዲዮው ራሱ ዳንቴል ለብሶ ነበር ዜና የሚያነብልን። ስለዚህ ኪሮሽን ስናስብ የሚታየን አንድ ዝርግ ነገር ነው፤ ሌላ ዕቃ የሚሸፍን፣ የሚያለብስ። ራሱን ችሎ የሚቆም ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው።

የሚቆምበትን ምክንያት ለማወቅ ከሽመናና ከሹራብ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ሸማኔ አስቀድሞ ድሩን ይወጥራል፤ ማጉን በድሩ መካከል ያመላልሳል። ድሩ ከተወጠረበት ስፋት ውጭ መሄድ አይችልም። ሹራብ በሁለት መርፌ ሲሠራ ደግሞ በአንድ ረድፍ ያሉት ቀለበቶች በሙሉ በመርፌው ላይ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ መርፌው ከወጣ ሁሉም ይፈታሉ። በኪሮሽ ግን በማንኛውም ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚጠብቀው ቀለበት ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ተዘግቷል፣ ተቋጥሯል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ለሠሪው ትልቅ ነጻነት ይሰጠዋል። መንጠቆውን በፈለገበት ቦታ ሰክቶ፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን፣ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ኋላ፣ አዲስ አቅጣጫ መጀመር ይችላል። ከአንድ ጨርቅ መሐል ቀንድ ማውጣት፣ ከቀንዱ ላይ ቅርንጫፍ ማውጣት ይቻላል። ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ወደ ኪሮሽ የሳባቸው ዋናው ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኛ ለስደተኞች ግልጽ ነው። ሸማኔ መቀመጫና ዕቃ ያስፈልገዋል። ኪሮሽ ግን በኪስ ይሄዳል። ከቦታ ቦታ ስንንከራተት አብሮን ሊመጣ የቻለ የእጅ ሥራ እርሱ ነው።

ስድስትን የመጨመር ሒሳብ

አሁን ወደ ጨማዳው ጠረጴዛ ልብስ እንመለስ። ከዚህ በታች «ዓይን» የምለው በመንጠቆው አንድ ጊዜ የተሠራውን አንዱን አጭር ቋጠሮ ነው።

ክብ ሥራ ስትጀምሩ በመሐሉ ቀለበት ላይ 6 ዓይን ትሠራላችሁ። በሁለተኛው ዙር 12፣ በሦስተኛው 18፣ በአራተኛው 24 ይሆናል። በየዙሩ የሚጨመረው 6 ነው። እናቶቻችን ይህን በእጃቸው ያውቁታል፤ ምክንያቱን ግን በትምህርት ቤት እንማረዋለን። የክብ ዙሪያ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት በ2 እና በ3.14 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ርቀቱ በአንድ ዓይን ቁመት ባደገ ቁጥር ዙሪያው በ6 ዓይን ከትንሽ ማደግ አለበት ማለት ነው። አጭሩ ዓይን ቁመቱና ስፋቱ ስለሚቀራረብ 6 ይበቃዋል። ክሩን በመንጠቆው ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥማችሁ የምትሠሩት ረዥሙ ዓይን ግን ቁመቱ ስለሚበልጥ በየዙሩ 12 ያህል ይፈልጋል።

በየዙሩ ከ6 ያነሰ ብትጨምሩስ? ጠርዙ ያጥርበታል፤ መሐሉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሥራው እንደ ጎድጓዳ ሣህን ይሆናል። ጨርሶ መጨመር ብታቆሙ ወደ ላይ እንደ ጣሳ ይቆማል፤ የሕፃን ኮፍያ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ብትቀንሱ፣ ከ24 ወደ 18፣ ወደ 12፣ ወደ 6፣ አፉ ይዘጋና ኳስ ይሆናል። ስፌት የሚሰፉ እናቶች ይህን ሲያነቡ «ይህማ የእኛ ነው» ሳይሉ አይቀሩም። ልክ ናቸው። ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለሉ በወስፌ ሲሰፉ ሰፌዱ ዝርግ፣ የመሶቡ ክዳን ሾጣጣ የሚሆነው ዙሩን በማስፋትና በማጥበብ ነው።

ከ6 በላይ ብትጨምሩ ደግሞ ጠርዙ ይረዝማል፤ ነገር ግን የሚያርፍበት ቦታ ስለሌለው መታጠፍ፣ መጠቅለል፣ መነሣትና መውረድ ይጀምራል። በየዙሩ ዓይኑን ሁሉ እጥፍ ብታደርጉ 6፣ 12፣ 24፣ 48፣ 96፣ 192፣ 384 እያለ በስምንተኛው ዙር 768 ይደርሳል። ዝርጉ ሥራ በስምንተኛው ዙር የሚኖረው 48 ብቻ ነው። አሥራ ስድስት እጥፍ የሆነው ጠርዝ የት ይግባ? እዚያው በራሱ ላይ ይጨማደዳል። የሱኩማ ዊኪ ቅጠል ጠርዝ የሚጨማደደው፣ ሰላጣው የሚቆነደደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጠርዙ ከመሐሉ ይበልጥ ስለሚያድግ።

የሚያስገርመው የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ዓይነት ገጽ በወረቀት ላይ ካወቁት ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቢሆነውም በእጅ የሚያዝና የማይቀደድ ምሳሌ ለማግኘት ሲቸገሩ መኖራቸው ነው። ወረቀት እየቆረጡ ይለጥፉ ነበር፤ ቶሎ ይበላሻል። በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረች ዳይና ታይሚኛ የምትባል የላትቪያ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ችግር በኪሮሽ ፈታችው። በልጅነቷ የተማረችውን የእጅ ሥራ አውጥታ፣ በተወሰነ ቁጥር ዓይን እየጨመረች፣ ተማሪዎቿ እየጎተቱና እያጠፉ የሚማሩበትን ገጽ ሠራች። የእኛ እናት በመብራት መጥፋት ምክንያት የሠሩት ሌላ ነገር አይደለም። ነጋዴው የመለሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መማሪያ የሆነውን ነገር ነው ማለት ነው። በእርግጥ ነጋዴው ጠረጴዛ ልብስ ፈልጎ ነበርና ብዙም አልፈርድበትም።

ከዚያ ወዲህ በሎስ አንጀለስ ይኖሩ የነበሩ ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርታይም የተባሉ አውስትራሊያውያን እኅትማማቾች እ.ኤ.አ. በ2005 በዚሁ ዘዴ የባሕር ውስጥ ዛጎል ድንጋይ የሚመስል ታላቅ ሥራ ጀመሩ። በአገራቸው ባሕር ውስጥ የሚገኘው ሕያው የኮራል ግንብ በውሃው መሞቅ ምክንያት እየነጣና እየሞተ በመሄዱ ሰዉ እንዲያየው ፈልገው ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከክርና ከፕላስቲክ ቅራፊ ኮራል እየሠሩ ጨመሩበት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2019 ጣሊያን አገር በቬኒስ ከተማ በሚደረገው ታላቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ቀርቧል።

በረት ውስጥ ሥዕል የተማረችው ልጅ

በዚህ ጉዳይ ካነበብሁት ሁሉ ልቤን የነካው የሩት አሳዋ ታሪክ ስለሆነ ጥቂት ልዘግይበት። ምክንያቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ሩት እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከጃፓናውያን ገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። ጃፓንና አሜሪካ ጦርነት ሲገጥሙ የአሜሪካ መንግሥት ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዘር ያላቸውን ሰዎች ከቤታቸው አፍልሶ በሽቦ በታጠሩ ካምፖች ውስጥ አስገባቸው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። አባቷ እ.ኤ.አ. በ1942 ተይዞ ሌላ ቦታ ታሰረ፤ ለዓመታት አላየችውም። እርሷ፣ እናቷና ወንድም እኅቶቿ መጀመሪያ የተላኩት ወደ አንድ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ሲሆን የተሰጣቸው ማደሪያ የፈረስ ጋጣ ነበር። በዚያ ጋጣ መካከል ግን በዋልት ዲዝኒ ፊልም ድርጅት ይሠሩ የነበሩ፣ እንደ እርሷ የተፈናቀሉ ሠዓሊዎች ነበሩ። ልጆቹን ሰብስበው ሥዕል ያስተምሯቸው ነበር። ሩት የመጀመሪያውን የሥዕል ትምህርቷን በወጉ ያገኘችው ከእነርሱ ነው። በኋላ ወደ አርካንሶ ወደሚገኘው ሮወር ካምፕ ተዛውራ ሁለተኛ ደረጃን እዚያው ጨረሰች።

ከካምፕ ስትወጣ አስተማሪ ለመሆን ኮሌጅ ገባች። ሆኖም የጃፓን ዘር በመሆኗ ተለማምዳ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሊሰጣት ስላልቻለ ዲፕሎማዋን ሳታገኝ ቀረች። እኔ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ከእኛ መካከል ማስረጃው አገር ቤት የቀረበት፣ ወይም ማስረጃውን ይዞ የሚቀበለው ያጣ መምህር ስንት ነው?

ሩት ከዚያ ጥቁር ተራራ ወደሚባለው የሰሜን ካሮላይና ኮሌጅ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ ሜክሲኮ ተጉዛ በቶሉካ ከተማ ገበያ እንቁላል የሚያዝበትን የሽቦ ቅርጫት አየች። የአገሬው ሰው ቅርጫቱን የሚሠራው ሽቦውን ቀለበት በቀለበት እያያያዘ ነበር፤ ሥራው የኪሮሽ የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ዘዴውን ተማረችና ቅርጫት ከመሥራት አልፋ ሄደች። ከጣሪያ የሚንጠለጠሉ፣ እንደ ቅል ወፈር ቀጠን የሚሉ፣ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ የሚታይ የሽቦ ቅርጾችን ሠራች። ብርሃን ሲመታቸው ጥላቸው ግድግዳው ላይ ሌላ ሥራ ይሆናል። በ1950ዎቹ ዓመታት አንዳንድ ተቺዎች «የቤት እመቤት የእጅ ሥራ» እያሉ አቃልለውት ነበር። እርሷ ግን ስድስት ልጆች እያሳደገች፣ ልጆቹ ከእግሯ ሥር እየተጫወቱ፣ ሥራዋን ቀጠለች። በሳን ፍራንሲስኮ ትምህርት ቤቶች ሠዓሊዎችና ወላጆች ከልጆች ጋር የሚሠሩበትን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1968 መሠረተች። በከተማው ያለው የሥነ ጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በስሟ ተሰይሟል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዐረፈች፤ በ2020 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት የሽቦ ሥራዎቿን በቴምብር ላይ አወጣ። ያፈናቀላት መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግ ነው።

የርኀብ ዘመን ጽጌረዳ

ኪሮሽና ችግር አብረው የቆዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ሲጠፋ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በርኀብና በበሽታ አለቀ። በዚያን ጊዜ መነኮሳትና የቀሳውስት ሚስቶች ለድሆች ሴቶች ኪሮሽ ማስተማርን እንደ እርዳታ ያዙት። የኮርክና የክሎንስ አካባቢዎች በዚህ ታወቁ። የሠሩት ዳንቴል እየተሸጠ ብዙ ቤተሰብ እህል ገዛበት። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ደግሞ አሠራሩ ነው። ጽጌረዳውንና ቅጠሉን ለየብቻ ይሠሩና በኋላ በመረብ ያገናኙታል፤ አበባውን ሲሠሩ ወፈር ያለ ክር ውስጡ አስገብተው ዙሪያውን ስለሚሸፍኑት ቅጠሉ ከጨርቁ ላይ ተነሥቶ ይቆማል። እንግዲህ ኪሮሽ ከዝርግነት የወጣው በሙዚየም ውስጥ አይደለም። ጎጆ ውስጥ፣ በረኀብ ዘመን፣ በሴቶች እጅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሹራብን ፋብሪካ ከሠራው ቆይቷል። እውነተኛውን ኪሮሽ ግን ፋብሪካ እንደ ሹራብ አምርቶ ለገበያ ሊያቀርበው አልቻለም። በገበያ ላይ በርካሽ ዋጋ የተሰቀለ የኪሮሽ ልብስ ካያችሁ አንድ ሰው በእጁ ሠርቶታል፤ ርካሽ የሆነውም የእርሱ ሰዓት ነው።

እዚሁ ጎረቤታችን

የኡጋንዳ ሰዎች በዚህ መስክ የኋላ አይደሉም። ከሙቱባ ዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የሚሠራው የባጋንዳ ልብስ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መካከል ተቆጥሯል። የዛሬ ሠዓሊዎችም ይጠቀሙበታል። አቻዬ ኬሩኔን የምትባል የካምፓላ ሠዓሊ ደግሞ በልዩ ልዩ የኡጋንዳ ክፍሎች ያሉ ሴቶች ከሰሌን፣ ከሙዝ ልጥና ከሣር የሠሩትን ምንጣፍና ቅርጫት ወስዳ፣ እየፈታችና እንደገና እየሰፋች፣ ከግድግዳ የሚወርዱ ትላልቅ ቅርጾች ታደርጋቸዋለች። ኡጋንዳ በቬኒስ ትርኢት የራሷን አዳራሽ ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ በተገኘችበት በ2022 እ.ኤ.አ. የእርሷና የኮሊን ሴካጁጎ ሥራዎች ቀርበው አዳራሹ ልዩ ምስጋና አግኝቷል። ይህ ኪሮሽ አይደለም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ምንጣፍ መሬት ላይ ሲነጠፍ «የሴቶች ሥራ»፣ ግድግዳ ላይ ሲወጣ «ጥበብ» የሚባለው ለምንድን ነው?

ከእኛም ኤልያስ ስሜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ የተወለደው ይህ ሠዓሊ በመርፌና በክር፣ በአዝራርና በወዳደቀ ዕቃ ብዙ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሳንታ ሞኒካ የታየው ትርኢቱ «የመርፌ ዓይን፣ የልብ ዓይን» የሚል ርእስ ነበረው። ኋላ ደግሞ ከመርካቶ የሚሰበሰበውን የተጣለ የኮምፒዩተርና የስልክ ሽቦ እንደ ፀጉር እየጎነጎነ ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ እርሻ የሚመስል ሥራ ይሠራል። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ መካኒሳ ተከፍቷል። ወንድ ሆኖ ክርና መርፌ መያዝ አያሳፍርም ለማለት ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በእርግጥ እኔ ከዚያ በፊትም አውቅ ነበር። አጎቴ በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ ለእናቴ የላከላት ዳንቴል በቤታችን ከነበሩት ሁሉ ያማረ ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ በብስክሌት ራጂ መንጠቆ ሠርቶ እንዳስተማረው ነግሮናል።

ለመሞከር ለምትፈልጉ

ክር ውድ ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ ስለማውቅ ጥቂት ምክር ልስጥ። በኦዊኖ ገበያ ሚቩምባ ከሚሸጥባቸው መደቦች ያረጀ ሹራብ በትንሽ ዋጋ ይገኛል። ስፌቱን ፈታችሁ ክሩን ሳቡት፤ በውሃ ነክራችሁ ከጫፉ ድንጋይ አስራችሁ ብትሰቅሉት ጥቅልሉ ይለቅቃል። ካቬራም ይሆናል። ታጥቦ የደረቀውን ካቬራ በአግድሙ እንደ ቀለበት ቆራርጣችሁ ቀለበቶቹን እርስ በርስ ብታያይዙ ረዥም ገመድ ይወጣዋል። ለዚህ መንጠቆው ወፈር ይበል፤ ከእንጨት ተቀርፆ በሸካራ ወረቀት ቢለሰልስ ይበቃል።

ቅርጹ እንዲቆም ከተፈለገ አገር ቤት ስኳር በጥብጠው ይነክሩት ነበር። እዚህ ግን አትሞክሩት፤ እኛ ሞክረን በማግሥቱ የሙቱንጎ ጉንዳን ሁሉ በረንዳው ላይ ተሰለፈ። የካሳቫ ዱቄት ይሻላል። አንድ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ፣ በፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩት፤ ወፈር ብሎ ሲጠራ አውርዱት። ሥራውን ነክራችሁ ጨምቁትና በተደፋ ሳህን ወይም በተነፋ ፊኛ ላይ አድርጋችሁ አድርቁት። ዝናብ ካልነካው ሳይወድቅ ይቆያል።

በዚህ ነገ ሀብታም ትሆናላችሁ አልልም። የቅርጽ ሥራ ገዢው ጥቂት ነው፤ ጠረጴዛ ልብስ ግን ይሸጣል። ነገር ግን ከእኚያ እናት ጋር ተቀምጠን አንድ ሒሳብ ሠርተናል። የተመለሰባቸውን ጨርቅ የሠሩት በ19 ቀን፣ በቀን 4 ሰዓት ያህል ነው፤ 76 ሰዓት ማለት ነው። ነጋዴው ደህና ቢሆን ኖሮ ሊከፍላቸው የነበረው 30,000 ሽልንግ ነው። የክሩን 12,000 ስንቀንስ 18,000 ይቀራል። ለ76 ሲካፈል በሰዓት 237 ሽልንግ ገደማ። በዚህ ዋጋ የሰዓት ድካማቸው አንድ ቻፓቲ አይገዛም። እትዬ ይህን ሲሰሙ ሣቁና «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አላሰላህልኝም?» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔም ነው። ከዚያ ወዲህ በረንዳችን ላይ ኪሮሽ የሚሠሩት እናቶች ሥራ ሲጀምሩና ሲያቆሙ ሰዓቱን በደብተር ይመዘግባሉ፤ መጻፍ የማይችሉትን ልጆቻቸው ይጽፉላቸዋል። ከነጋዴ ጋር ሲነጋገሩ ደብተሩን ይዘው ይሄዳሉ። አንዱ ነጋዴ ደብተር ሲያይ ተቆጥቶ ሄደ፤ አንዷ ገዢ ግን አይታ ጨምራለች።

የተጨማደደውም ጨርቅ አልተፈታም። እትዬ ከአረጀ አረንጓዴ ሹራብ የወጣ ክር ጨምረው ሦስት ዙር አበዙበት፤ አሁን ከበረንዳው ማገር ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲነካው ይዞራል። ልጆቹን የመጨረሻውን ዙር ዓይን እንዲቆጥሩ አዘዝኋቸው። ግማሾቹ 1,152 ነው ይላሉ፣ ግማሾቹ 1,149። እትዬ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ብለዋል። በሚመጣው ቅዳሜ በየመቶው ቀይ ክር እያሰርን እንደገና እንቆጥራለን።